የድንጋይን ዕድሜ ያሰሉት የአቶ ባንተአምላክ ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ባንተአምላክ ወልደ ሚካኤል ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከአቶ ወልደ ሚካኤል አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ተሰማ ኅዳር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. በአርሲ ጢቾ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ቁጥር መቁጠር የጀመሩ ልጅ እንደነበሩ እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይናገሩ ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። አሰላ ላይ ከደብራችን አጥር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ጎማ የምጠግነው ጎረቤታቸው አስናቀ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃ በመሆኑ ልጃቸው ፀዲ «የአባቴን የሕይወት ታሪክ አንተ ጻፈው» ስትለኝ ደንግጫለሁ። የደነገጥኩት በትምህርቴ ማነስ ብቻ አይደለም። ሌላውን ምክንያት ቀኑ ሲደርስ እጽፈዋለሁ። የሕይወት ታሪክ በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፤ እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ።

የአቶ ባንተአምላክ አባት የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም የሚቀርጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው በከሰል መስመር ያሰምሩ ነበር። የሟቹ ስም ረዥም ሲሆን ፊደሎቹ በድንጋዩ ወርድ ልክ እንዲገቡ አስቀድሞ ማካፈል ያስፈልጋል። ይህን የማካፈል ሥራ በዘጠኝ ዓመታቸው ከአባታቸው ተረከቡ። የመጀመሪያው ሥራቸው ግን አልሰመረም። ጢቾ መቃብር ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ድንጋይ አለ፤ የሰውየው ስም ሲጀምር ተንቀባሮ፣ ሲጨርስ ተጨናንቆ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረ ይመስላል። አቶ ባንተአምላክ በሕይወታቸው ሙሉ ጢቾ በሄዱ ቁጥር ያን ድንጋይ ሳያዩ አይመለሱም ነበር። «ይቅርታ ልጠይቀው ነው የምሄደው» ይሉኝ ነበር።

ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለውን ትምህርታቸውን በጢቾ ተከታትለው በ1954 ዓ.ም. ወደ አሰላ በመምጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። በ1961 ዓ.ም. የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1965 ዓ.ም. በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1966 ዓ.ም. በጎበሳ መምህር ሆነው ሥራ የጀመሩ ሲሆን በ1970 ዓ.ም. ወደ አሰላ ተዛወሩ። ከ1977 እስከ 1979 ዓ.ም. እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ። የጥናታቸው ርእስ አንድ ጫፉ የጋለ ብረት ሙቀቱ ወደ ሌላው ጫፍ በስንት ጊዜ እንደሚደርስ የሚያሰላ ሒሳብ ነበር። ይህን ጥናት ያስታውሱልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ አፀደ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ፀዲንና ወልደአማኑኤልን ወልደዋል። ወይዘሮ አፀደ በ2004 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አርፈዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በኖሩበት ትዳር ውስጥ ተጣልተው እንደሆነ አላውቅም። ወይዘሮ አፀደ ግን «እንጀራ ሲቆርስ እንኳ ማዕዘኑን ለክቶ ነው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

እስከ ጡረታቸው እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ አሰላ ላይ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ ሆነው እዚህ ቆመዋል። ሒሳብ ያልገባቸውም እኔን ጨምሮ እዚህ ቆመናል። በእድራችን ስብሰባ ላይ «ብዙ ሰው ቀርቷል» ሲባል «ብዙ ስንት ነው?» ብለው የሚጠይቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጥያቄው ያናድደን ነበር። ዛሬ ስጽፍ ደግሞ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም እሳቸውን የጎዳኋቸው በዚችው ጥያቄ ነው።

አባታቸው አቶ ወልደ ሚካኤል በ1976 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሲያርፉ የመቃብራቸውን የእብነ በረድ ሰሌዳ ቀድመው ራሳቸው ቀርጸውት ነበር። የቀረው የሞቱበት ቀን ብቻ ነበር፤ እሱን ሌላ ሰው ጨመረ። መቃብሩ በአስፋልቱ በኩል ካለው አጥር አጠገብ ነው። በ1985 ዓ.ም. ለመታሰቢያ የመጡት አቶ ባንተአምላክ አንድ ነገር አዩ። በመንገዱ በኩል ያሉት ፊደሎች ጠርዛቸው ደንዟል፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያሉት ግን አባታቸው ትናንት የቀረጿቸው ይመስላሉ። ድንጋዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ቀራጩ አንድ ሰው። የሚለየው ከሳጉሬና ከበቆጂ እህል ጭነው ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡት መኪኖች ጭስ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አዝኖ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን «ይህ ስም የማይነበበው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞታቸው የሠሩት ይህችን ጥያቄ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ተቀብለው አባታቸው የተኙበትን ጨምሮ በአምስት የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ላይ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ጥቃቅን ሚስማሮች ቀበሩ። ሚስማሩ አይበላም፣ ድንጋዩ ይበላል። ስለዚህ የድንጋዩ ፊት ከሚስማሩ አናት በየዓመቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ከተለካ የተበላው ይታወቃል። የሚለኩት ጋራዥ ቤት የሞተር መበላትን በሚያዩበት፣ የእጅ ሰዓት በሚመስል መለኪያ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ መቃብሩ ላይ ተንበርክከው ያችን ሰዓት ድንጋዩ ላይ ሲያስጠጉ ያየ ሁሉ የሟቹን የልብ ምት የሚያዳምጡ ይመስለው ነበር። «የሙታን ሐኪም» የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሰምተዋል፤ ተቀይመው አያውቁም። «ታካሚዎቼ ቀጠሮ አያፋልሱም» ነበር መልሳቸው።

አየሩንም ለክተዋል። በኬሚካል የተነከረ ወረቀት በቆርቆሮ ጥላ ሥር አጥሩ ላይ ያንጠለጥሉና በወሩ አውርደው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይልኩት ነበር። ይህን ያዩ ምእመናን «ክታብ እያንጠለጠሉ ነው» ብለው አስተዳዳሪው ዘንድ ከሰሷቸው። አስተዳዳሪው ጠርተው ሲጠይቋቸው ወረቀቱን ዘርግተው አሳዩ። ምንም አልተጻፈበትም። «ባዶ ክታብ ማንን ይጎዳል?» ብለው አስተዳዳሪውን አስቀው ወጡ።

እኔ ጎማ መጠገኛዬን በ1990 ዓ.ም. ስከፍት በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ ደንበኛ አገኘሁ፤ ደንበኛው ግን መኪና የለውም። ጋሽ ባንቴ ከጎማ ክምሬ ላይ ይቀመጡና የሚያልፉትን ኢሱዙዎች ይቆጥራሉ። ዳገት ላይ ጥቁር የሚተፋውን ለብቻ፣ ነጣ ያለውን ለብቻ ይመዘግባሉ። ሥራ በሌለኝ ሰዓት ያስረዱኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው፦

«ጋሼ፣ ድንጋይ እኮ ነው። ድንጋይ ምን ይሆናል?»

«ጀሶ ይሆናል» አሉኝ።

«ጀሶ? ይሄ ቤት የምንለስንበት?»

«እሱው። የናፍጣው ጭስ ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ ከእርጥበት ጋር ሆኖ እብነ በረዱን ከላይ ጀሶ ያደርገዋል። ጀሶው ለድንጋዩ እንደ ቁስል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሲወፍር ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያዘገየዋል።»

«እንግዲያው ጥሩ ነዋ፣ ራሱን ያድናል።»

«ክረምት ይመጣላ። ዝናቡ ቅርፊቱን ያጥበውና ቁስሉ እንደገና ይከፈታል። አሁን አስናቀ፣ ይሄን በሒሳብ ጻፈው ብልህ ከየት ትጀምራለህ?»

«ከሳጉሬ» አልኳቸው፤ መኪና እየመጣ ነበር።

ያ የጋለ ብረት ጥናታቸው የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ወደ ብረት የሚገባበትና ጭስ ወደ ድንጋይ የሚገባበት ሒሳብ እህትማማች እንደሆኑ ደረሱበት። ልዩነቱ የድንጋዩ ፊት እየተበላ ወደ ኋላ መሸሹ ነው፤ ስለዚህ የሚለኩት ነገር ራሱ ቦታውን ይለቃል። ቀመሩን የሚጽፉት የጎማ ቀዳዳ ላይ ምልክት በማደርግበት በእኔው ቢጫ ጠመኔ፣ በእኔው ጎማ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ የቀመሩን ግማሽ የጻፉበት ጎማ ሳላስተውል ኢሱዙ ላይ ተገጥሞ ወደ ሳጉሬ ሄደ። እሳቸው ተነሥተው መንገዱን ዓይናቸው እስኪደክም አዩት። ከዚያ «ግማሹን አስታውሰዋለሁ፤ ያ የሄደው ግን የተሻለው ግማሽ ነበር» ብለው ተቀመጡ።

ድካማቸው ፍሬ አፈራ። በሃያ አራት ዓመት ልኬት ድንጋዮቹ በአማካይ በየዓመቱ የሚሊሜትር መቶኛ አንድ እጅ ያህል ሲበሉ የቀመራቸው መስመርና የልኬታቸው ነጥቦች አንዱ በሌላው ላይ ይሄዱ ነበር። መኪናው እየበዛ ከሄደ የአባታቸው ስም የማይነበበው በ2110 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ አሰሉ። «አባቴ እስከ 2110 ስም አላቸው» ይሉ ነበር፤ በደስታ ነበር የሚሉት። በ2012 ዓ.ም. ይህንኑ ቁጥር ይዘው ደብሩ በመንገዱ በኩል ጭሱን የሚቀንስ የዛፍ አጥር እንዲተክል ጠየቁ፤ ሰበካ ጉባኤውም በ2014 ክረምት እንዲተከል ተስማማ። ተማሪያቸው የነበሩትና ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዶክተር ሌሊሳ ደበላም ሥራቸውን በሚያዝያ 2014 በጉባኤ ላይ እንዲያቀርቡ ጋበዟቸው። አዲስ ኮት አሰፉ። በማውቃቸው ዘመን ሁሉ አዲስ ኮት ሲያሰፉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሁን የእኔ ተራ ደረሰ።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሊቀ ጳጳሱ ደብራችንን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተነገረ። አቶ ባንተአምላክ ለዓይን ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ወልደአማኑኤል ዘንድ ስለነበሩ ክረምቱን እዚያው ሊያሳልፉ ነበር። እድራችን መቃብሩን የሚያጸዱ አራት ሰዎች መረጠ። አንዱ እኔ ነኝ። የቀሩትን ሦስት ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ አሁን አንገታቸውን የደፉትን ማየት ይበቃል። በውኃና በሳሙና ብናሻሸው ጥቁሩ አልለቅ አለን። ከእኛ አንዱ «ሎሚ ነው የሚያስለቅቀው» አለ። ገበያ ሄጄ ሎሚውን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ግማሹን እየቆረጥን እየጨመቅን በጨርቅ አሸን። ድንጋዩ ላይ አረፋ ሲፈላ አይተን «አያችሁ፣ እድፉ እየወጣ ነው» ተባባልን። ጋሽ ባንቴ ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ብለንም የአባታቸውን ሰሌዳ ደጋግመን አጠብን። እንደ ወተት ነጣ። ሊቀ ጳጳሱም አይተው መረቁን።

በመስከረም ተመለሱ። በጥቅምት እንደ ልማዳቸው ተንበርክከው ለኩ። ከዚያ እንደገና ለኩ። በማግስቱም ተመልሰው ለኩ። የአንዱ ዓመት መበላት የሚሊሜትር መቶኛ አሥራ ሦስት ሆኖ ተገኘ። መሆን የነበረበት አንድ ነው። ኢሱዙዎቹ በሃያ አምስት ዓመት ካደረጉት ግማሹን እኛ በአንድ ማለዳ አድርገነዋል።

አስፋልቱን ተሻግረው መጥተው ጎማዬ ላይ ተቀመጡ። «አስናቀ፣ በክረምቱ ድንጋዮቹን የነካ ሰው አለ?» አሉኝ።

«ማን ይነካል ጋሼ። ዝናቡ ነው» አልኳቸው።

በዚያን ሰዓት ሎሚ ድንጋይ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። መልሱን የሰጠሁት «ሳታስፈቅዱኝ» እንዳይሉኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ይችኛዋ ውሸት ትንሽ ነበረች። ትልቋ ቀጥላ መጣች።

ዝናቡ ነው በማለቴ የዓመቱን የዝናብ መዝገብ አስመጥተው አዩ። ዝናቡ እንደወትሮው ነበር። ኅዳር ላይ ከጎማው ክምር ላይ ተቀምጠው ችግራቸውን ሲነግሩኝ፣ ጭስና እርጥበት ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ሊያስረዱኝ ፈለጉ። «ሎሚ በለው። እብነ በረድ ላይ ሎሚ ብትጨምቅ አረፋ ይፈላል። አረፋው ድንጋዩ ሲበላ የሚወጣው አየር ነው» አሉኝ። እጄ ላይ የነበረው ቁልፍ ወደቀ። አንሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ «ማን ይነካል» ብያለሁ፤ እድሩ አጨብጭቦልኛል፤ ሊቀ ጳጳሱ መርቀውኛል።

እሳቸው የጠረጠሩት እኛን አልነበረም፤ ራሳቸውን ነው። ጥር 2014 ላይ ለዶክተር ሌሊሳ ደብዳቤ ጽፈው ከጉባኤው ወጡ። ለሰበካ ጉባኤውም «በማላምንበት ቁጥር ሰው አላስቸግርም» ብለው የዛፉን ጥያቄ ሰረዙ፤ ዛፉ ሳይተከል ቀረ። ዛሬ በመንገዱ በኩል ባዶውን የሚታየው አጥር ያ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በየጥቅምቱ ለኩ፣ በየቅዳሜው ቆጠሩ፣ ስሕተታቸውን ፈለጉ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ኢሱዙዎቹን ቆጥሬ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። «ጥቁር የሚተፋ ወይስ ነጣ ያለ?» ሲሉኝ በጥንቃቄ እመልስላቸው ነበር። መኪናን በሚመለከት አንድም ቀን ዋሽቻቸው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጠንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ሆስፒታል ገቡ። ጥር 10 ቀን፣ ከተማው ሁሉ ለከተራ ወጥቶ ሳለ፣ እኔ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ሊቀ ጳጳሱን፣ አረፋውን፣ «ማን ይነካል» ማለቴን፣ ሁሉንም። ፀዲ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ሎሚ?»

«ሠላሳ» አልኳቸው።

ጆንያ እንደነበር አውቃለሁ። በትከሻዬ ነው የተሸከምኩት። አራት ዓመት የደበቅሁትን ልናዘዝ ሄጄ፣ ኑዛዜው ውስጥ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ሠላሳ ስል ጥፋቴ ያነሰ መስሎኝ ነው።

እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ፀዲን ቤት ልከው ከአባታቸው ሥራ የተረፈች የእብነ በረድ ቁራጭ ላይ ሎሚ ጨምቃ በጨርቅ እንድታሽና በመለኪያው እንድትለካ አደረጉ። አንድ ሎሚ ምን ያህል እንደሚበላ አወቁ፣ ለአምስቱ ሰሌዳ አካፈሉ። መንፈሳቸው ተመልሶ ቀልድም ጀመሩ። «ለእኔ ጥቁር ድንጋይ አድርጉልኝ። እብነ በረድ ካደረጋችሁ አስናቀ ያጥበዋል» አሉ። ስቀናል። እኔ ስቄ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጥር 14 ቀን ስሌቱን ጨረሱ። እሳቸው እያሉ ፀዲ የጻፈችው ደብተሩ ላይ አለ፦ «ከአሥራ ሦስቱ መቶኛ አንዱ የጭሱና የዝናቡ ነው። ሁለቱ የሠላሳው ሎሚ ነው። የቀረው አሥር የእኔ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን አላገኘሁትም።» ይህን አስጽፈው ደብተሩን ዘጉት።

ፀዲ ይህን ስታነብልኝ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ቅዳሜ ጥር 16 ገበያ ወርጄ ሎሚ የሸጠችልኝን ወይዘሮ አይሻን ፈለግሁ። ያኔ ምን ያህል እንደወሰድኩ ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እንዴት አላስታውስ? ያን ቀን ያለኝን በሙሉ ጠራርገህ ነው የወሰድከው። ከቁርስ በፊት ሸጬ ቤቴ የገባሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው» አለችኝ።

«በቁጥርስ?»

«ሠላሳ ስድስት መደብ። መደቡ አምስት አምስት ነው። ወላሂ አንዷን አላጎደልኩብህም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ ጎደለ ብለህ ነው በአራት ዓመትህ የመጣኸው?» አለችኝ።

አዎ፣ ጎድሎ ነበር። ያጎደልኩት ግን እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሆስፒታል መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። እሑድም አልሄድኩም፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ዋልኩ። ሰኞ ስደርስ አፋቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። ጣታቸው የተንቀሳቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ግን እሳቸው «መስሎኝ» የሚለውን ቃል ስለማይወዱት አልጽፈውም።

አቶ ባንተአምላክ ወልደ ሚካኤል ማክሰኞ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ዛሬ ረቡዕ ጥር 20 ቀን እንደ ምኞታቸው ከአባታቸው ጎን፣ ከጥቁር ድንጋይ ሥር ይቀበራሉ። ወይዘሮ ፀዲንና አቶ ወልደአማኑኤልን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ሦስት ትውልድ ተማሪዎችንና አንድ ጎሚስታ ትተው ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለፀዲ አሳይቻታለሁ። ሠላሳው ውሸት እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። «ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ ልስጥ?» ብያት ነበር። «አይሆንም፣ አንተው ታነበዋለህ። ቁጥሩንም ጮክ ብለህ» አለችኝ። ደግማ አላናገረችኝም፤ መብቷ ነው።

ስለዚህ ዶክተር ሌሊሳ፣ እዚህ ስላሉ ደብተሩን ከፀዲ ተቀብለው ይህን እንዲያርሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሠላሳው ሎሚ ሁለት መቶኛ ከበላ የሠላሳው ስድስት እጥፍ አሥራ ሁለት ይበላል። ይህን ለማስላት ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። አሥራ ሁለቱ ላይ የጭሱና የዝናቡ አንድ ሲጨመር አሥራ ሦስት ይሆናል፤ የሚተርፍ የለም። «የእኔ ስሕተት» ብለው ያስጻፏት አሥር የእሳቸው አይደለችም፤ የእኔ ናት። ቀመራቸው አንድም ቀን አልተሳሳተም። ከአባታቸው ስም ላይ አሥር ዓመት ያህል ቀንሰናል፤ ከእሳቸው ዕረፍት ላይ ደግሞ አራት ዓመት። እሱን የሚያስተካክል ቀመር የለኝም። በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ግን ሎሚውን ያሸነው እኛው አራታችን በመጪው ክረምት ዛፍ እንተክልበታለን፤ እዚህ ቆመን በሰው ፊት ቃል ገብተናል።

ጋሼ፣ «ስንት ሎሚ?» ብለውኝ ነበር።

መቶ ሰማንያ።

አምላካችን ነፍስዎን ስም በማይደበዝዝበት መዝገብ ያስፍርልን። ልጆችዎን ያጽናልን። ለእኛም ስንጠየቅ ሙሉውን ቁጥር የሚናገር አፍ ይስጠን። አሜን።